እርሾ ቅባት አሲድ የሚበላበትን ጂን መለየት፦ ከኦሌይክ አሲድ ፕሌት እስከ ማዳቀል

ሙከራው ራሱ ቀላል ነው። እርሾ ስኳር ተከልክሎ ቅባት አሲድ ብቻ ይቀርብለታል። ጂኖቹ ደህና ከሆኑ በሳምንት ውስጥ ያድጋል፤ ከመንገዱ አንዱ ጂን ከጎደለ ባለበት ይቀራል። ችግሩ እርሾ ባለበት የሚቀርበት ምክንያት ብዙ መሆኑ ነው። ሚዲያው፣ ማለትም እርሾው የሚያድግበት ምግብ፣ አሚኖ አሲድ ጎድሎት ሊሆን ይችላል፣ ቅባቱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፣ የእርሾው ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከኦሌይክ ፕሌቱ (ኦሌይክ የሚባለው ቅባት አሲድ ከቀረበበት የአጋር ሣህን) ይልቅ አጠገቡ ለሚቀመጡት ፕሌቶች ይበልጥ ይደክማል። የተጻፈው ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ፣ ባሕር ዳርና አካባቢው ለሚሠሩ ስለሆነ ከፍታውና የሌሊቱ ብርድ ታስቦበታል።

መንገዱ ባጭሩ

በሰው ውስጥ ቅባት አሲድ በማይቶኮንድሪያም፣ ፔሮክሲሶም በሚባለው የሴል ውስጥ ትንሽ ከረጢትም ይሰበራል። በዳቦ እርሾ ግን ሥራው ሁሉ ፔሮክሲሶም ውስጥ ነው የሚያልቀው። ረጅሙ ቅባት አሲድ፣ ለምሳሌ 18 ካርቦን ያለው ኦሌይክ አሲድ፣ መጀመሪያ ፋ1 እና ፋ4 በሚባሉት ጂኖች ኢንዛይሞች ኮኤንዛይም ኤ ከሚባለው ተሸካሚ ሞለኪውል ጋር ይጣመራል። ከዚያ ፒክሳ1 እና ፒክሳ2 ተጣምረው የሚሠሩት በር ወደ ፔሮክሲሶም ያስገባዋል። መካከለኛው፣ እንደ 12 ካርቦኑ ላውሪክ አሲድ ያለው፣ በዚያ በር ሳያልፍ ይገባና ውስጥ በፋ2 ይጣመራል።

ውስጥ ከገባ በኋላ ፖክስ1 የመጀመሪያውን ኦክሳይድ የማድረግ ሥራ ይሠራል፣ ፎክስ2 ቀጣዮቹን ሁለት ደረጃዎች ብቻውን ይጨርሳል፣ ፖት1 ደግሞ ሁለት ካርቦን ቆርጦ ይጥላል። ዙሩ ስምንት ጊዜ ሲደገም ከአንድ ኦሌይክ አሲድ ዘጠኝ አሴቲል ኮኤ (ከኮኤንዛይም ኤ ጋር የተጣመረ ባለሁለት ካርቦን ቁራጭ) ይወጣል። ከሦስተኛው ዙር በኋላ የኦሌይክ አሲዱ ድርብ ቦንድ ለኢንዛይሞቹ በማይመች ቦታ ላይ ስለሚገኝ ኢሲ1 ያዛውረዋል። ኢሲ1 የጎደለው እርሾ ኦሌይክ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው፤ ድርብ ቦንድ በሌለው ቅባት አሲድ ላይ ግን ያድጋል።

ኢንዛይሞቹን ወደ ፔሮክሲሶም የሚያስገቡት የፔክስ ጂኖች ናቸው። ፔክስ5 አብዛኞቹን ያጓጉዛል፣ ፔክስ7 በዋናነት ፖት1ን፤ ፔክስ3 ከሌለ ፔሮክሲሶሙ ራሱ አይኖርም። ፔሮክሲሶም የሌላቸው የእርሾ ሚውታንቶች (ጂናቸው የተበላሸ ዝርያዎች) ለመጀመሪያ ጊዜ በ1989 የተለዩት ኦሌይክ አሲድ ላይ አላድግ ያሉትን በመልቀም ነበር። ይህ ሁሉ ለእርሾ ብቻ የሚጠቅም እውቀትም አይደለም። የፒክሳዎቹ የሰው ዘመድ ሲበላሽ አድሬኖሉኮዲስትሮፊ የሚባለው የነርቭ በሽታ ይመጣል።

ጠቅላላው መንገድ ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ግሉኮስ ሲኖር ጠፍቶ ይቆያል፤ ግሉኮስ ሲያልቅና ኦሌይክ አሲድ ሲመጣ ኦአፍ1 እና ፒፕ2 ያበሩታል፣ አድር1ም ያግዛል። ታጥቦ ያልጠራ እርሾ ሙከራውን የሚያበላሸው በዚህ በኩል ነው።

የትኛው እርሾ

ከሱቅ የሚገዛው ደረቅ የዳቦ እርሾ ሚዲያችሁ ደህና መሆኑን ለመፈተሽና እጅን ለማለማመድ ይበቃል። ለዘረመል ሥራ ግን አይሆንም፤ የክሮሞሶሙ ቅጂ ከአንድ በላይ ስለሆነ አንዱ ጂን ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል። ከጠላ ጥንስስ የተወሰደውም አይሆንም። ጥንስስ ውስጥ ባክቴሪያም ሌሎች የዱር እርሾዎችም አብረው ይኖራሉ፣ ከእነሱ መካከል ዘይት ከዳቦ እርሾ በተሻለ የሚበሉ ሊኖሩ ይችላሉ።

መደበኛው ቢዋይ4741 የሚባለው ነው። ሂስቲዲን፣ ሉሲን፣ ሜታዮኒን እና ዩራሲል ራሱ መሥራት አይችልም። ወንድሙ ቢዋይ4742 በሜታዮኒን ፋንታ ላይሲን ይፈልጋል፤ ተቃራኒ ጾታ ስለሆነ ከመጀመሪያው ጋር ይዳቀላል። በእነዚህ ዝርያዎች ላይ ጂኖቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ የተዘጋጀ የሚውታንት ስብስብ አለ፤ የተነቀለው ጂን ቦታ ላይ ጂ418 የሚባለውን መድኃኒት የሚቋቋም ጂን ተተክቷል። ለጀማሪ ቢዋይ4741፣ ፖክስ1፣ ፎክስ2፣ ፔክስ3፣ ፒክሳ1፣ ፋ2 እና አይሲኤል1 (አሴቲል ኮኤን ወደ ስኳር ለመመለስ የሚያስፈልገው ጂን) የጎደላቸው፣ በተጨማሪም ማይቶኮንድሪያው የሞተ አንድ ዝርያ ይበቃሉ።

ዝርያዎቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ከሆነ በፈሳሽ ሳይሆን በዘንባላ አጋር (ቱቦ ውስጥ ዘንበል ብሎ የረጋ ሚዲያ) ላይ ይላኩ። የጎሓ ጽዮን ደጀን መንገድ የአባይን በረሃ ያቋርጣል፣ መኪና ውስጥ የተዘጋ ዕቃ እዚያ በጣም ይግላል። አጋር ላይ ያለ እርሾ የአንድ ቀን ሙቀት ይችላል። በግሊሰሮል ቀዝቅዞ የቆየ ናሙና መንገድ ላይ ቀልጦ መልሶ ሲቀዘቅዝ ግን ብዙው ይሞታል።

ሚዲያው

ለ1 ሊትር፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 25 ሚሊ ሊትር ለሚይዙ 40 ፕሌቶች፣ ሦስት ጠርሙስ ለየብቻ ይዘጋጃል።

ጠርሙስ ሀ፦ አጋር 20 ግራም፣ ይስት ኤክስትራክት 1 ግራም፣ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 5 ግራም፣ ውሃ 800 ሚሊ ሊትር። አጋሩ ከመጨመሩ በፊት ፒኤች በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 6.0 ይስተካከል።

ጠርሙስ ለ፦ አሚኖ አሲድ የሌለበት፣ አሞኒየም ሰልፌት ያለበት ይስት ናይትሮጅን ቤዝ 6.7 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ያለፈ።

ጠርሙስ ሐ፦ ትዊን 40 የሚባለው፣ ዘይትን ከውሃ ጋር የሚያቀላቅለው ፈሳሽ፣ 5 ግራም በ45 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ ኦሌይክ አሲድ 1 ሚሊ ሊትር።

አሚኖ አሲዶቹና ዩራሲሉ መቶ እጥፍ ሆነው በየራሳቸው ጠርሙስ ይቀመጡ፤ በሊትር ሂስቲዲን 2 ግራም፣ ሜታዮኒን 2 ግራም፣ ዩራሲል 2 ግራም፣ ሉሲን 10 ግራም። ከእያንዳንዱ 10 ሚሊ ሊትር ይገባል። ዩራሲሉ በቀዝቃዛ ጠዋት ከታች ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል። አልተበላሸም፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ እስኪሟሟ አወዛውዙ። ሳይሟሟ ከላይ የቀዳ ሰው ዩራሲል የሌለበት ሚዲያ ሠርቶ ሳምንት ይጠብቃል።

ጠርሙስ ሐ ላይ ቆም እንበል፣ አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚያ ነው። ኦሌይክ አሲድ 13 እና 14 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ደብረ ማርቆስ ላይ ማሞቂያ በሌለው ክፍል ያደረ ጠርሙስ ጠዋት እንደ ሞራ ረግቶ ሊገኝ ይችላል። በ30 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ አትቅዱ፤ በከፊል የረጋውን ስትቀዱ መጀመሪያ የምታገኙት ከኦሌይክ ጋር ተደባልቀው ያሉትን ሌሎች ቅባት አሲዶች ነው። ትዊን 40 ወፍራም ስለሆነ በፒፔት አይለካም፣ ይመዘናል።

ኦሌይኩ ሲጨመር ወተት ይመስላል። 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ እያደረጋችሁ ብታማስሉት 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን እየጠራ ይመጣል፤ ያኔ ሳሙና ሆኗል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ፒኤች 6.0 ያለው ሚዲያ ውስጥ ሲገባ መልሶ ይደፈርሳል። ይህን አትፍሩት፣ የምንፈልገው ድፍርስ ፕሌት ነው። ኦሌይኩን የሚበላ ኮሎኒ (ከአንድ ሴል የበቀለ የእርሾ ክምር) ዙሪያውን እያጠራ ቀለበት ይሠራል፣ ቀለበቱም ከዕድገቱ እኩል ምስክር ነው።

ትዊን 80 በትዊን 40 ፋንታ አይግባ። ትዊን 80 ራሱ ከኦሌይክ አሲድ የተሠራ ስለሆነ ኦሌይክ የሌለበት መቆጣጠሪያ ፕሌታችሁን ትርጉም ያሳጣዋል። ከገበያ የመጣ የኑግ ዘይትም ቢሆን አይተካም፣ ምንም እንኳ በጎጃም የሚቀርበው እሱ ቢሆን። ዘይት ሦስት ቅባት አሲድ ከግሊሰሮል ጋር የተሳሰረበት ነው፤ የዳቦ እርሾ ደግሞ ይህን እስር ውጭ የሚፈታ ኢንዛይም አያመነጭም ማለት ይቻላል። ቢፈታም የኑግ ዋናው ቅባት አሲድ ሊኖሌይክ ነው፤ ሁለት ድርብ ቦንድ ስላለው በአየር ቶሎ ይበላሻል፣ ስፕስ19ን የመሰሉ ተጨማሪ ረዳት ኢንዛይሞችንም ይጠይቃል።

ከፍታና ኦቶክሌቭ

የኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን መሣሪያ) መመሪያ ሁሉ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ ይላል። ይህ የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ነው። የግፊት ሰዓቱ የሚያሳየው ከውጭ አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው፣ የውጭው አየር ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ ቀላል ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሰዓቱ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር 118 ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የማምከኛው ጊዜ አሥር እጥፍ ይረዝማል። ስለዚህ በ15 ፒኤስአይ ደብረ ማርቆስ ላይ 40 ደቂቃ፣ ባሕር ዳር ላይ 30 ደቂቃ ያዙ። ግፊቱ የሚስተካከል ከሆነና በመሣሪያው ላይ የተጻፈው ገደብ ከፈቀደ 121 ዲግሪ ለመድረስ ደብረ ማርቆስ 19፣ ባሕር ዳር 18 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ሙቀቱን ራሱ ለክቶ የሚሠራ አዲስ ኦቶክሌቭ ካላችሁ ይህን ክፍል እለፉት።

ይህን ያልጠበቀ ሚዲያ ምልክቱ የታወቀ ነው። ፕሌቱ ሁለት ቀን ንጹሕ ይመስላል፣ በአራተኛው ቀን አጋሩ ውስጥ ከሥር የሚወጡ ኮሎኒዎች ይታያሉ። ከላይ ሳይሆን ከውስጥ የሚወጣ ብክለት የተረፈ የባክቴሪያ ዘር ነው። የግሉኮስ ፕሌት በሁለት ቀን ስለሚነበብ ይደብቀዋል፤ ስምንት ቀን የሚቆየው የኦሌይክ ፕሌት ያጋልጠዋል።

ተመሳሳይ ነገር አጋር በማቅለጥም አለ። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ስለሚፈላ የረጋ አጋር ለመቅለጥ ይዘገያል። ፈልቷል ብላችሁ አታውጡ፤ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ የሚዋኝ ቅንጣት አለመኖሩን እዩ።

ሀ እና ሐ ለየብቻ በኦቶክሌቭ ይመከኑ። ሀ ወደ 60 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ፣ ማለት ጠርሙሱ በጨርቅ የሚያዝ ሆኖ በባዶ እጅ ግን ሲያቃጥል፣ በመጀመሪያ የሞቀውን ሐ፣ ከዚያ ለ እና አሚኖ አሲዶቹን ጨምሩ፤ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ሙሉት። አረፋ እንዳይይዝ በክብ አዙሩ እንጂ አትነቅንቁ። እያንዳንዱ ፕሌት ከመፍሰሱ በፊት ጠርሙሱን እንደገና አዙሩ፤ አለበለዚያ የመጨረሻዎቹ ፕሌቶች ላይ ዘይት ይንሳፈፋል።

አብረው የሚቀመጡት ፕሌቶች

ከኦሌይኩ ጋር አራት ሌሎች ያስፈልጋሉ፦ ግሉኮስ 2 በመቶ፣ ግሊሰሮል 3 በመቶ፣ ፖታሲየም አሴቴት 2 በመቶ፣ እና ሁሉ ነገር ኖሮበት ኦሌይክ ብቻ የጎደለበት የትዊን ፕሌት። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ይስት ኤክስትራክቱና ትዊኑ ራሳቸው ሳሳ ያለ ዕድገት ይሰጣሉ፤ ያንን ሳያዩ ኦሌይክ ላይ ያለውን ሳሳ ያለ ጥላ «ትንሽ ያድጋል» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

መጣል

ዝርያዎቹን በግሉኮስ ፕሌት ላይ አውጡ፤ ጂን የተነቀለባቸው ላይ ጂ418 በሚሊ ሊትር 200 ማይክሮ ግራም ይኑር። ሁለት ቀን ካደጉ በኋላ አንዳንድ ኮሎኒ በ5 ሚሊ ሊትር፣ ግሉኮሱ 0.3 በመቶ በሆነ ይስት ኤክስትራክትና ፔፕቶን ውስጥ አስገብታችሁ በ30 ዲግሪ እያናወጣችሁ አሳድሩ። 0.3 በመቶ ያልንበት ምክንያት ግሉኮሱ እስከ ጠዋት እንዲያልቅና ማጥፊያው እንዲነሳ ነው። በ2 በመቶ ያደረ እርሾ ኦሌይክ ላይ ለመጀመር አንድና ሁለት ቀን ይዘገያል፣ ያን ጊዜ ጤነኛውም የታመመ ይመስላል።

ጠዋት በሴንትሪፉጅ በ3,000 ዙር 5 ደቂቃ አዙሩ፣ ፈሳሹን ድፉ፣ በስቴራይል ውሃ ሁለት ጊዜ እጠቡ። በ600 ናኖ ሜትር ንባቡ 1.0 እስኪሆን አቅጥኑ። ስፔክትሮፎቶሜትር ከሌለ በደም ሴል መቁጠሪያው ስላይድ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊዮን ሴል ያህል አድርጉ። ከዚያ 20 ማይክሮ ሊትር በ180 ማይክሮ ሊትር ውሃ እያደረጋችሁ አራት ጊዜ አሥር እጥፍ አቅጥኑ፤ በየጊዜው የፒፔቱን ጫፍ ቀይሩ። ከእያንዳንዱ 5 ማይክሮ ሊትር በተርታ በአምስቱም ፕሌቶች ላይ ጣሉ። ፕሌቱ ካልደረቀ ጠብታዎቹ ይገናኛሉ፤ ከዋዜማው ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ አድርቁት።

ግሉኮሱ በ2 ቀን፣ ግሊሰሮልና አሴቴቱ በ3 እና 4፣ ኦሌይኩ ከ5 እስከ 8 ቀን ይነበባል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ፕሌቶቹን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ የውሃ ሣህን ከጎናቸው አኑሩ። መብራት ቢጠፋ አትደንግጡ፤ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ፣ ስንት ሰዓት እንደጠፋ ጻፉና ያን ያህል ጨምሩ። ብርድ እርሾን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። በአምፖል የሚሞቅ ሣጥን ከተጠቀማችሁ ግን ቴርሞሜትሩን ከፕሌቶቹ አጠገብ ስቀሉ፤ ከ37 በላይ ከወጣ ውጤቱ አይታመንም።

ማንበብ

ግሉኮስ ላይ ብቻ የሚያድግ፣ በሌሎቹ ሁሉ የሚቆም ዝርያ ስለ ቅባት አሲድ የሚነግረን የለም። ማይቶኮንድሪያው ተበላሽቷል፣ ኮሎኒውም ያንሳል። ይህ በራሱ የሚመጣ ነገር ነው፤ ፖክስ1 ብላችሁ ባስቀመጣችሁት ጠርሙስ ውስጥም ሊገኝ ስለሚችል ግሊሰሮል ላይ ያላደገን ዝርያ ጥላችሁ ከአዲስ ኮሎኒ ጀምሩ።

ግሊሰሮል ላይ አድጎ አሴቴትና ኦሌይክ ላይ የቆመ ከሆነ አይሲኤል1ን የመሰለ ጂን ጎድሎታል። ቅባት አሲዱን ቆርጦታል፣ የተገኘውን አሴቲል ኮኤ ግን ወደ ስኳር መመለስ አቅቶታል።

ግሊሰሮልም አሴቴትም ላይ ደህና አድጎ ኦሌይክ ላይ ብቻ የቆመው ነው የምንፈልገው። ፖክስ1፣ ፎክስ2፣ ፖት1፣ የፔክስ ጂኖች፣ ፒክሳዎቹ ሁሉ እዚህ ይወድቃሉ። ፒክሳን ከሌሎቹ ለመለየት ላውሪክ አሲድ ያለበት ፕሌት ሥሩ፤ ፒክሳ1 የጎደለው ላውሪክ ላይ ያድጋል፣ ፋ2 የጎደለው በተቃራኒው ኦሌይክ ላይ አድጎ ላውሪክ ላይ ይወድቃል። ላውሪክ አሲድ ለእርሾ መርዝ ስለሆነ መጀመሪያ 0.01፣ 0.025 እና 0.05 በመቶ አድርጋችሁ ጤነኛው የሚያድግበትን ምረጡ። ፔክስን ከፎክስ ለመለየት ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ካለ የፔሮክሲሶም አድራሻ የተለጠፈበትን አረንጓዴ ፕሮቲን አስገብታችሁ እዩ። ፎክስ2 የጎደለው ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፣ ፔክስ3 የጎደለው ውስጥ ሴሉን ሁሉ ሞልቶ ይበተናል።

ጤነኛው ራሱ ኦሌይክ ላይ ካላደገ፣ አሴቴት ላይ ግን ካደገ፣ ኦሌይኩን ጠርጥሩ። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሄደና የሚሸት ኦሌይክ አሲድ ፐርኦክሳይድ አለበት፣ እርሾን ይገድላል። አሴቴትም ላይ ካላደገ አሚኖ አሲድ ጎድሏል። ሁሉም፣ ፎክስ2 የጎደለው ሳይቀር፣ ካደገ ማጠቡ አልተሠራም። በሁለት ቀን ትልልቅ የሚያብረቀርቅ ወይም የተጨማደደ ኮሎኒ ኦሌይክ ላይ ካያችሁ ደግሞ አትደሰቱ፤ የዳቦ እርሾ እዚያ ላይ እንዲህ አይፈጥንም፣ ሌላ እርሾ ገብቷል።

ጂኑን በማዳቀል ማወቅ

የትኛው ጂን እንደተበላሸበት የማይታወቅ በቢዋይ4741 ላይ የተሠራ ሚውታንት ካላችሁ፣ በቢዋይ4742 ላይ ጂናቸው የታወቀ ሚውታንቶችን አዘጋጁ። የሁለቱን ትንሽ ትንሽ በግሉኮስ ፕሌት ላይ በአንድ ጠብታ ውሃ ቀላቅላችሁ አሳድሩ። በማግሥቱ ሜታዮኒንም ላይሲንም በሌለበት፣ ሂስቲዲን ሉሲንና ዩራሲል ባለበት ፕሌት ላይ ጫሩት። አንደኛው ወላጅ ሜታዮኒን ስለሌለ፣ ሌላው ላይሲን ስለሌለ አያድጉም፤ የሚወጣው ዲቃላው ብቻ ነው። ከ2 እስከ 3 ቀን በኋላ አንድ ኮሎኒ ወስዳችሁ በአምስቱ ፕሌቶች ላይ እንደቀድሞው ጣሉ።

ዲቃላው ኦሌይክ ላይ ካደገ ጉድለቶቹ በሁለት የተለያዩ ጂኖች ላይ ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ሸፍኗል። ካላደገ ያው ጂን ነው። ይህን ከማለታችሁ በፊት ግን ሚውታንታችሁን ከጤነኛው ቢዋይ4742 ጋር አዳቅላችሁ ማደጉን አረጋግጡ። ከጤነኛ ጋር ተዳቅሎም የማያድግ ከሆነ ጉድለቱ የበላይ (ጤነኛ ቅጂ አብሮት ቢኖርም የሚታይ) ስለሆነ በዚህ መንገድ አይለይም። ዲቃላውንም ግሊሰሮል ላይ ማየት አትርሱ።

የተለየውን ዝርያ በ20 በመቶ ግሊሰሮል ውስጥ በሁለት ቱቦ ከፍላችሁ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ከሌለ በዘንባላ አጋር ላይ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ በየሁለት ወሩ ወደ አዲስ አጋር ሲዛወር ግሊሰሮል ላይ ይፈተሽ። ያለቁትን ፕሌቶች ከመጣላችሁ በፊት ከላይ በተባለው ደቂቃ በኦቶክሌቭ አምክኑ። ትዊን ያለበት አጋር ሲቀልጥ አረፋ ሠርቶ ከከረጢቱ ይወጣልና ከሥር ጎድጓዳ ዕቃ አድርጉ።